ፍም ያለፈበት ቀዳዳ

«በእሷ ግቢ አልፎ የሚመጣ ሙቀት ከሆነስ፣ ብርዱ ይሻለኛል።»

ቃሉ የመጣው ከአጥሩ ወዲያ ነው። ዘውድነሽ ፊቷን ልትታጠብ የውሃ ጆግ ይዛ ከአጥሩ ወዲህ ቆማ ነበር። የኅዳር ውርጭ ያደረበት ውሃ ጣቶቿን አደንዝዟቸዋል፤ የሰማችው ነገር ግን ከውሃው የባሰ ቀዘቀዛት። ተናጋሪዋ ወርቅአየሁ ናት፣ የሟቹ ወንድሟ የመሳፍንት ሚስት። ሁለቱም ባል የሞተባቸው፣ ሁለቱም ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ አንዷ ቤት የጮኸ ዶሮ ሌላዋን የሚቀሰቅስ አሮጊቶች ናቸው። በአንድ የቀርከሃ አጥር ተለያይተው፣ የዚያን ጊዜ ሕፃናት ዩኒቨርሲቲ ገብተው እስኪወጡ ድረስ ሳይነጋገሩ ኖረዋል። ቤተ ክርስቲያን አንዷ በዚህ በር ስትገባ ሌላዋ በዚያ ትወጣለች፤ ለቅሶ ቤት አንዷ ካለችበት ሌላዋ ራቅ ብላ ትቀመጣለች። ሰፈሩም ለምዶታል፤ ድግስ የጠራ ሰው ሁለቱን በተለያየ ድንኳን ጥግ ማስቀመጥ እንዳለበት ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

እውነቱን ለመናገር ዘውድነሽን ያናደዳት ስድቡ አልነበረም። እሷ ራሷ ዛሬ ጠዋት «በእኔ ግቢ አያልፍም» ልትል ቃሉን ስታሰናዳ ነው ያደረችው። በምን ድምፅ እንደምትለው፣ ነጠላዋን እንዴት እንደምታጣፋ፣ የወርቅአየሁ ልጅ ስትለምናት ወደየት እንደምታይ ሁሉ አስባ ጨርሳለች። እምቢታው የእሷ ነበር፤ ግቢውም የእሷ። አሁን ወርቅአየሁ ቀድማ «አልፈልግም» ስትል ለዘውድነሽ ምን ቀረላት? ሰው ያልለመነውን ነገር መከልከል ደግሞ ምን ክብር አለው? ፊቷን በግማሽ ታጥባ፣ የቀረውን ውሃ ለጎመኑ ደፍታ ገባች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰፈሩ ራስጌ፣ ድሮ ወፍጮ ቤት በነበረው ቦታ ላይ፣ ትልቅ የውሃ ማሞቂያ ጋን ቆሟል። ከሰል አክሳዮች ለከሰል ከሚተከለው ከዲከረንስ ዛፍ ላይ መልምለው ጫካ ውስጥ የሚጥሉት ቅርንጫፍና ከጣውላ ቤቶች የሚጠረገው ሰጋቱራ ይነድድበታል። የሞቀው ውሃ መሬት ውስጥ በተቀበረ፣ ሙቀት እንዳያፈስ በወፍራሙ በተሸፈነ ቧንቧ ከቤት ቤት እየሄደ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ብረት ያሞቃል፤ ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ በሌላ ቧንቧ ተመልሶ ወደ ጋኑ ይገባል። ይህን ያመጣችው የወርቅአየሁ ልጅ ዮርዳኖስ ናት። ምሕንድስና ተምራ ስትመለስ ስለ አየር ንብረት፣ ስለ ደንና ስለ ከሰል ጭስ የምታወራውን ሰፈሩ በትዕግሥት አዳመጣት። «የሙቀት ኔትወርክ ይባላል» ባለች ጊዜ ግን ሰው ሁሉ ሳቀ። እንጅባራ ኔትወርክ የሚባል ነገር ደመና ሲመጣ እንደሚጠፋ ማን ያጣዋል? የኮሚቴው ሰብሳቢ ዳቦ ጋጋሪው ይኸነው ተነሥቶ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» አለ፤ በሚቀጥለውም ስብሰባ አለ፤ በሦስተኛው ላይ አፉን ሲከፍት ሕዝቡ ቀድሞ ጨረሰለት። እንዲህ እየተባለ ግን ቦዩ ተቆፈረ፣ ቧንቧው ተቀበረ፣ የዘውድነሽም ግድግዳ ላይ ነጭ ብረት ተሰቀለ። ሥዕለ ማርያምን ከቦታዋ ስላስነሣባት መጀመሪያ ብትቀየመውም፣ ዛሬ ዛሬ ጠዋት ጠዋት በጨርቅ ትወለውለዋለች።

ዛሬ እሳቱ የሚለኮስበት ቀን ነው። የቀረው አንድ ቤት ብቻ ነው፣ የመጨረሻው፣ የወርቅአየሁ። የእሷ ቧንቧ በመንገዱ በኩል እንዲገባ ነበር የታሰበው፤ ቦዩ በሯ ላይ ሲደርስ ግን እንደ ቤት የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ወጣ፤ ዲጂኖ አጣመመ፣ ሰው አደከመ፣ አልነቃነቅ አለ። ሌላው መንገድ በዘውድነሽ ግቢ ነው። ወርቅአየሁ ደግሞ ያለፈው ክረምት ደረቷ ሲከፋ የጤና ጣቢያዋ ነርስ «ከሰል ካጨሱበት ክፍል እንዳይተኙ» ብላታለች። ብርዱንም ጭሱንም አትችልም። ይህን ሁሉ ዘውድነሽ የሰማችው ከሰው አይደለም፤ ሳሉን በአጥሩ በኩል ማታ ማታ ትሰማዋለች፤ ነርሷን ወደ በር ሲሸኟትም ሰምታለች። ያልተነጋገሩ ሰዎች እርስ በርስ የሚሰሙትን ያህል የሚነጋገሩት አይሰሙም።

ፀሐይ ወጣ ስትል ይኸነውና ዮርዳኖስ መጡ። ይኸነው ኮቱ ላይ ዱቄት ነበረበት። ዮርዳኖስ ጎንበስ ብላ «እንዴት አደሩ፣ አክስቴ?» አለች። ይህ «አደሩ» የሚለው ዘውድነሽን ሁልጊዜ ይነካታል። ልጅቱ ትንሽ ሳለች በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ እየመጣች «አክስቴ፣ ዳቦ ስጪኝ» ትላት ነበር፤ አንቺ እያለች። ጠቡ ከመጣ በኋላ ነው እርስዎ ማለት የጀመረችው። ሰው በአክብሮትም ይርቃል።

«እትዬ ዘውድነሽ፣ ያው ስለዚያች ነገር ነው» አለ ይኸነው። «ከእርስዎ ቤት ግድግዳ እስከ አጥሩ ድረስ አንዲት ትንሽ ቦይ ብቻ ናት። ዛሬ ከሰዓት ውሃ እንሞላለን። ከሞላን በኋላ እንቀጥል ብንል ሁሉንም ማፍሰስ ነው፤ ሠራተኞቹም ነገ ወደ ዳንግላ ይሄዳሉ። ለከርሞ ነው የሚሉን።»

«ባለቤቷ አልፈልግም ካለችስ?» አለች ዘውድነሽ።

ዮርዳኖስ ቀና ብላ አየቻት፤ ጠዋት የተባለው መሰማቱ ገባት። ፊቷ ቀላ። «እናቴን እኔ እይዛታለሁ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «እርስዎ ብቻ ይፍቀዱልን።»

ዘውድነሽ ያሰናዳችው እምቢታ አፏ ላይ ነበር። ግን ከወርቅአየሁ እምቢታ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ሊወጣ ነው፤ ከእሷ ጋር በአንድ ነገር መስማማት ደግሞ አስጠላት። «ገበያ ደርሼ ልምጣ» አለችና ነጠላዋን አነሣች። ይኸነው «ኧረ ሰዓቱ» ሊል አፉን ከፍቶ፣ ዮርዳኖስ ክንዱን ያዝ ስታደርገው ተወው።

ወደ ገበያው ስትወርድ በየበሩ ሰው ቆሟል። ሁሉም ወደ ወፍጮ ቤቱ ጭስ ማውጫ ነው የሚያየው፤ ገና አልጨሰም። ዘውድነሽም አየችው፤ ሳታስበውም ድሮ ጠዋት ጠዋት እንዲህ ቆማ ጣሪያ ትቆጥር የነበረበት ጊዜ መጣባት። ያን ጊዜ ክብሪት ጠፍቶ አይደለም፤ ግን የዚህ አገር ክረምት ክብሪቱን እርጥበት ያጠጣውና ራሱ እየተላጠ እጅ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የነጋበት ሰው ደጅ ወጥቶ የማን ቤት ቀድሞ እንደጨሰ ያያል። ጭስ ወዳለበት ቤት ገል ይዞ ይሄዳል፤ ሁለት ፍም በአመድ ተሸፍኖ ይሰጠዋል፤ እፍ እያለ ይመለሳል። ከእሱ ደግሞ ሌላው ይጭራል። ፀሐይ ስትወጣ መንደሩ ሁሉ ከአንድ ምድጃ የተነሣ እሳት ይዞ ይውላል። ዮርዳኖስ በስብሰባው በወረቀት ላይ ስታሳያቸው የነበረውን መስመር፣ ከቤት ቤት የሚሄደውን፣ ዘውድነሽ በልቧ «ይኼማ የእኛው ነው» ብላው ነበር። ጮክ ብላ ግን አላለችም፤ ለወርቅአየሁ ልጅ ልብ መስጠት መሰላት።

በእሷና በወርቅአየሁ መካከል ደግሞ መዞርም አያስፈልግም ነበር። ቀርከሃው ከታች የተሰበረበት ሕፃን የሚያሾልክ ቀዳዳ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ደልደል ያለች ጠፍጣፋ ድንጋይ። እሳቷ ቀድሞ የተያያዘላት «እሳት አለ!» ትላለች፤ ሌላዋ ገሏን ድንጋዩ ላይ ታስቀምጣለች። ፍሙን የተቀበለች «እሳትሽን አያጥፋብሽ» ትላለች፤ የሰጠች ደግሞ «አሜን» ብላ ወሬ ትጨምራለች። ማን ወለደ፣ ማን አገባ፣ ማን ከማን ተጣላ፤ የሰፈሩ ዜና በሙሉ በዚያ ቀዳዳ አልፏል። ወርቅአየሁ ከፋግታ ገጠር መጥታ ስታገባ አማርኛዋ ገና አልፈታም ነበር፤ ከዘውድነሽ ጋር በዚያ ቀዳዳ ነው የፈታችው። አገውኛዋን ግን ዘውድነሽ ሳትማርላት ቀረች። ወርቅአየሁ «እታለም» ትላት ነበር፣ እንደ ታላቅ እህት። ከጠቡ ወዲህ ዘውድነሽን በዚያ ስም ማንም አልጠራትም። መንገድ ላይ ሌላ ሴት ለሌላ ሴት ስትለው እንኳ ዞር ብላ ታያለች።

ገበያው ከሰል ተራ ላይ አንዲት ከአዲስ ቅዳም የመጣች ሴት ማዳበሪያ አሰልፋ ተቀምጣለች። ዘውድነሽ ዋጋ ጠየቀች።

«ስድስት መቶ፣ እማማ።»

«ስድስት መቶ? አምና ስንት ነበር?»

«አምና አምና ነው እማማ። ዲከረንሱ እኮ እየደረቀ ነው፤ በሽታ ገብቶበት። አሁን ጫካ ገብተው ቢያዩት ያስለቅስዎታል።»

ዘውድነሽ ማዳበሪያውን በእጇ መዘነች። ዓይነቱ ጥሩ ነው፤ ሲነኩት ይንቃጨላል። ለአንድ ወር ይበቃል? ብርዱ እስከ ጥር ድረስ ከጠናስ? ማታ ማታ ብቻ ቢነድድስ? እንዲህ ስታሰላ ቆየችና የምታሰላው ለማን እንደሆነ ድንገት ገባት። እሷ ከሰል አያስፈልጋትም፤ ብረቷ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ማታ ይሞቃል። ቆማ የወርቅአየሁን ብርድ ስትቆጥር ነበር። በራሷ ተናደደች።

«ይውሰዱት በአምስት ከሃምሳ» አለች ሻጯ። «ለቤትዎ ነው?»

«ለሳል በሽተኛ ነው» አለች ዘውድነሽ፤ ቃሉ እንዴት እንደወጣት አታውቅም።

ሴትዮዋ ማዳበሪያውን ወደ ራሷ ሳበችው። «ለሳልማ አይግዙ እማማ። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ግን ለሳል አልሸጥልዎትም።»

ባዶ እጇን ተመለሰች። አሽሙረኛ የሆነ ሰው ይህን ቢያይ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላት ነበር። ዳገቱን ስትወጣ ያቺን የመጨረሻዋን ጠዋት አሰበች፤ አስባት አታውቅም ለማለት አይደለም፤ ዳገት በወጣች ቁጥር ታስባታለች።

የሐምሌ ጠዋት ነበር። ባሏ ትዕዛዙ ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ አድሮ ትኩስ ነገር ጠየቃት። እሳቱ ጠፍቷል፤ ክብሪቱ አልጫር አለ። ወጥታ ስታይ የወርቅአየሁ ጣሪያ ይጨሳል። ገሏን ይዛ ቀዳዳው ዘንድ ተንበርክካ ጠራቻት። ወርቅአየሁ መጣች፤ ቀና ብላ አላየቻትም። «ዛሬ እሳት አይወጣም» አለች፤ ተመልሳ ገባች። ሌላ ቃል የለ፣ ምክንያት የለ። ዘውድነሽ በዝናቡ መንደሩን አቋርጣ ከሩቅ ቤት ጭራ መጣች፤ ግማሹ በመንገድ ጠፋ። ትዕዛዙ ያን ሳምንት አልጨረሰም። የገደለው ሕመሙ ነው፤ ይህን ሐኪሙም ነግሯታል፣ እሷም ታውቃለች። ሐዘን ግን የሐኪም ቃል አይሰማም፤ አንድ ሰው ይፈልጋል። ቀብሩ ካለፈ በኋላ ደግሞ፣ ድንኳኑ ገና ሳይነሣ፣ ወርቅአየሁ በቅል ሙሉ ወተት ይዛ በለቀስተኛው መካከል መጣች። በሐዘን ቤት ወተት! ነጭ ነገር! ዘውድነሽ ሰው ሁሉ እየሰማ «ወተትሽን ለላምሽ መልሺላት» አለቻት። በነጋታው የዘይት ቆርቆሮ ዘርግታ ቀዳዳውን ቸነከረችው። ከጊዜ በኋላ ወንድሟ መሳፍንት፣ ነፍሱን ይማረው፣ «ያን ለት ላማችን ወልዳ ነበር፤ በእነሱ አገር ላም በወለደች ሰሞን እሳት ከቤት አያወጡም፤ ስለ ጥጃውም አያወሩም፣ ዓይን ይፈራሉ» ብሎ ሊያስታርቃቸው ሞክሯል። ታዲያ ለላም ብላ ነው? ብላ ዘውድነሽ የባሰ ተቀየመች።

ቤት ስትደርስ ዮርዳኖስ ብቻዋን ናት። የይኸነው ዳቦ ተገምጦ በላስቲክ ላይ ተቀምጧል፤ እሷ ግን አጥሩ ሥር ቁጢጥ ብላ መሬቱን በቀጭን ብረት ትወጋለች። ብረቱ ሁለት ጣት ሳይገባ ይቆማል፤ እዚያም ድንጋይ ነው። ሌላ ቦታ ትወጋለች፤ ያም ድንጋይ። ዘውድነሽ ከኋላዋ ቆማ አየቻት። አጎንብሳ ስትታይ ቁርጥ መሳፍንትን ናት፤ የማጅራቷ አጥንት ሳይቀር። ወንድሟ በጣም ናፈቃት።

«አልበላሽም እንዴ?»

«በልቻለሁ» ብላ ተነሣች ልጅቱ። እጇን ጠረገች። «ይቅርታ ስለ ጠዋቱ» አለች። «እናቴ እንደሱ የምትለው አፏ ነው። ፈርታ ነው።»

«ምን ትፈራለች?»

«እንዳይመለስባት። አንድ ጊዜ ተመልሶባታል።»

«ምኑ ነው የተመለሰባት?»

«ወተቱ» አለች ዮርዳኖስ።

ዮርዳኖስ በብረቱ ጫፍ ትቢያውን እየጫረች፣ ቀና ሳትል ቀጠለች። «አያቴ ቤት ፋግታ ስሄድ ነው የገባኝ። ላም በወለደች ሰሞን እሳት አይወጣም። ግን በዚያ ሰሞን መጥቶ እሳት የተከለከለ ሰው ካለ፣ እንገሩ አልቆ ወተቱ ሲጠራ የመጀመሪያው የሚወጣው ለእሱ ነው። ሳይቀምሱ፣ ለልጅም ሳይሰጡ። ዕዳ ነው ይላሉ። እኔ ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ፤ ወተት አምጪ ብዬ ሳለቅስ እናቴ ‹የእታለም ነው› ብላ ከለከለችኝ። ሐዘን ቤት መሆኑን ታውቃለች። ዕዳው ሳይከፈል ቀኑ ቢያልፍስ ብላ ፈራች። ያ ወተት ሲመለስባት ማንም አልጠጣውም። ጓሮ ቀበረችው።»

ዘውድነሽ ግድግዳውን ይዛ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ነገር ሲቆጥር ኖሮ ቁጥሩን ከተሳሳተ ቦታ የጀመረ ሰው የሚሰማው ነው የተሰማት። ወተቱን አሁን በዓይኗ አየችው፤ በቅል፣ እስከ አፉ ሙሉ፣ ሣር ጣል የተደረገበት። ያ ሁሉ ሰው ሲያያት ወርቅአየሁ ቅሉን በሁለት እጇ ይዛ እንዴት እንደ ዞረች አየች። አንዲት ጠብታ አላፈሰሰችም ነበር።

«እዚያ አትውጊ» አለች በመጨረሻ። ተነሣችና ከበሩ ኋላ ጉጠቱን አመጣች። «እዚያ ሁሉ ድንጋይ ነው። ለስላሳው የት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።»

የዘይት ቆርቆሮው ዝጎ ከቀርከሃው ጋር ተጣብቋል። ሚስማሮቹን ራሷ ነበረች የመታቻቸው፤ ራሷ ነቀለቻቸው፤ ዮርዳኖስ ልትቀበላት ስትል ክንዷን ገፋ አደረገቻት። የመጨረሻው ሚስማር እንቢ ሲል ቆርቆሮውን ጎትታ ቀደደችው። ቀዳዳው እንደ ድሮው ነበር። ዘውድነሽ ተንበርክካ ወደ ማዶ አየች። ጠፍጣፋዋ ድንጋይ በቦታዋ አለች። ዙሪያዋን ሣር በልቶታል፤ ድንጋዩ ላይ ግን ቅጠል እንኳ የለም። ይህን ያህል ዘመን የሚጠርጋት ሰው ነበራት።

ሠራተኞቹ ሲመጡ ዶማው ያለ ችግር ገባ። ከዘውድነሽ ግድግዳ ተነሥቶ ወደ ቀዳዳው የሚወስደው መሬት አፈር ብቻ አልነበረም፤ ለብዙ ዓመት ከገል የተንጠባጠበ አመድና ከሰል እየተረገጠ የሞላው ለስላሳ ጥቁር ነገር ነበር። አንዱ ሠራተኛ እፍኝ አንሥቶ «እዚህ ከሰል ታከስሉ ነበር እንዴ?» አለ። ዘውድነሽ «አዎ፣ ሁለት ሆነን» አለችው። ሁለቱ ቧንቧዎች፣ የሚሄደውና የሚመለሰው፣ ጎን ለጎን ሆነው በቀዳዳው ሥር አለፉ። ከወዲያ ወርቅአየሁ አልታየችም። በሯ ግን ገርበብ ብሎ ነበር፤ ዘውድነሽ በዚያ ስንጥቅ በኩል የነጠላ ጫፍ ያየች መሰላት።

ውሃው ተሞላ። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘቅዝቅ ከወፍጮ ቤቱ ላይ ቀጭን ነጭ ጭስ ተነሣ፤ በየበሩ የቆመው ሰው ሁሉ እልል አለ። ይኸነው ከቤት ቤት እየሮጠ ብረት ይዳስሳል። ዘውድነሽ ቤት ገብቶ ግድግዳው ላይ ሁለቱን መዳፎቹን ለጠፈ፤ «ሞቀ! እትዬ፣ ሞቀ!» አለ። ከዚያም፣ ይቅር ይበለውና፣ ድር ቢያብር ብሎ ጀመረ፤ ዘውድነሽ «አንበሳውን ፍታውና ሂድ» አለችው።

እውነትም ክፍሉ ሞቀ። ሥዕሏ፣ አልጋዋ፣ ትዕዛዙ የሠራላት ሳጥን፣ ሁሉም በዚያ ቤት አይተውት የማያውቁት ዓይነት ሙቀት ውስጥ ቁጭ አሉ፤ ጭስ የለ፣ ዓይን የሚያስለቅስ የለ። ዘውድነሽ ግን አልተቀመጠችም። ዮርዳኖስ ከእናቷ ቤት ተመልሳ በሩ ላይ ቆማለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ቧንቧው ደርሷል፤ ግን ቁልፉን ዘግታዋለች» አለች። «አትንኪው አለችኝ። እሷ ካልከፈተችው ውሃው አይዞርም።»

«በምን ይታወቃል መክፈቷ?»

ዮርዳኖስ ዘውድነሽን ወደ ውጭ ወስዳ ከግድግዳው ሥር ገና ያልተሸፈነውን የቧንቧ ጫፍ አሳየቻት። «ይኼ ከእናቴ ቤት የሚመለሰው ነው። ከከፈተች ይሞቃል። እጅሽን አድርጊበት።»

እጅሽን አለቻት። ዘውድነሽ ሰማች፤ የሰማች ግን አልመሰለችም። እጇን አደረገች። ቧንቧው ቀዝቃዛ ነበር።

«አንቺ ግቢና ሙቂ» አለቻት ለልጅቱ። ዮርዳኖስ ገባች።

ብርዱ ከተራራው መውረድ ጀምሯል። ዘውድነሽ ወደ ቀዳዳው ሄደች፤ ጉልበቷ እያማት ተንበረከከች። ከማዶ ሳል ይሰማል። ይቅርታ የሚባለውን ቃል በአፏ አገላበጠችው፤ ለዚህ ሁሉ ዘመን አነሰባት፤ ደግሞም እሷና ወርቅአየሁ በዚያ ቀዳዳ ተባብለውት አያውቁም፤ እንግዳ ቃል ነው። የሚያውቁትን ነው ያለችው።

«እሳት አለ!»

ሳሉ ቆመ። ትንሽ ጠበቀች፤ ከዚያ በአጥሩ ተደግፋ ተነሥታ ወደ ግድግዳዋ ተመለሰች፤ መዳፏን ቧንቧው ላይ አሳርፋ ቆመች። ሰው ቢያያት ምን ይላል? በሞቀ ቤቷ ውስጥ መቀመጥ ስትችል ውርጭ ላይ ቆማ ቀዝቃዛ ቧንቧ የምታቅፍ አሮጊት! ግድ አልሰጣትም። ሲርባት የነበረው ነገር ሙቀት እንዳልነበረ ገብቷታል። ባትከፍትስ? ባትከፍት ነገም እዚሁ እቆማለሁ አለች በልቧ።

መጀመሪያ የእጇ ሙቀት መሰላት። እጇን አንሥታ በነጠላዋ ጠርጋ እንደገና አስቀመጠች። ቧንቧው ለብ ብሏል። ቆየት ሲል ደግሞ ሞቀ፤ ከማዶ ቤት ዞሮ፣ የወርቅአየሁን ግድግዳ አሙቆ፣ የቀረውን ይዞ የተመለሰ ሙቀት። ዘውድነሽ አለቀሰች፤ እንባዋን ለመጥረግ ግን እጇን ከቧንቧው ላይ አላነሣችም።

ከአጥሩ ወዲያ የእግር ኮቴ መጣ። ቀስ እያለ፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ኮቴ። ቀዳዳው ዘንድ ቆመ።

«እሳትሽን አያጥፋብሽ፣ እታለም።»

«አሜን» አለች ዘውድነሽ። ፍም የሰጠች ሴት አሜን ብላ ወሬ ትጨምር ነበር፤ ወጉ እንደዚያ ነው። ምን ወሬ ትጨምር? ዘመን ሙሉ ያልተወራ ነገር ተቆልሎ ነበር፤ የሞቱት፣ የተወለዱት፣ መሳፍንት ራሱ። ከሁሉ በፊት መጠየቅ የነበረባት ግን አንድ ነገር አለ።

«ያን ለት» አለች፣ «ላሚቱ ምን ወለደች?»

ከማዶ ትንሽ ሳል መጣ፣ ከዚያ ደግሞ ከሳሉ ጋር የተቀላቀለ ሳቅ የሚመስል ነገር።

«ሴት ናት» አለች ወርቅአየሁ፣ ጥጃዋ ገና ዛሬ ጠዋት የተወለደች ይመስል። «ግንባሯ ላይ ቦቃ ያላት።»

«እንኳን በደህና ተገላገለችልሽ» አለቻት ዘውድነሽ።